ከመቀስ ጋር የከረምኩበት ክረምት

ሰኞ 3

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዛሬ የመቅጃ ክፍሌን ጎበኘ። ጎበኘ ማለትም ይከብዳል፤ በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን አስገባ። ከዚህ በፊት የመጋዘን ኃላፊ ነበር አሉ። ያስታውቃል። የሙዚቃ አዳራሹን የሚያየው ወንበር እንደታጨቀበት መጋዘን ነው።

"ይሄ ሁሉ ሃርድ ዲስክ ምንድን ነው?" አለ።

የአሥራ አምስት ዓመት የቀጥታ ቅጂ ነው አልኩት።

"ቦታ በልቷል" ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ 4

ትእዛዙ በወረቀት መጣ። ከቅዳሜ ጀምሮ የአዳራሹ ዝግጅት ሁሉ እዚያው እየተቀዳ ከሃያ አራት ቢት ወደ አሥራ ስድስት ዝቅ ተደርጎ ይቀመጣል። ትልቁ ቅጂ አይቀመጥም። ይባስ ብሎ "ምንም ዓይነት ድምፅ ሳይጨመርበት" የሚል ሐረግ አለበት። ይህ ሐረግ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም። የመቀስ ነው።

መቀስ የማሽን ክፍሉ ቴክኒሻን ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ያገኘውን ስለሚቆርጥ። እሱ ደግሞ "አቶ ሽሽ" ይለኛል፤ በፊቴ ግን "ጋሼ" ነው።

ነገሩን በእራት ሰዓት ለባለቤቴ አስረዳኋት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የማሽን ነገር ቶሎ አይገባትም ብዬ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ቢት ማለት ድምፅ የሚለካበት የደረጃ ብዛት ነው፤ በሃያ አራት ደረጃው ረቂቅ ነው፣ በአሥራ ስድስት ሻካራ። ኃይለኛ ድምፅ ላይ ልዩነቱን ማንም አያውቅም። ጣጣው ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል፣ ድምፁ እየቀጠነ ወደ ዝምታ ሲወርድ ነው። ያ ቀጭን ጫፍ ከመጨረሻው ደረጃ በታች ይወድቃል። እንደ መቀስ ዝም ተብሎ ከተቆረጠ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ድንገት ድርግም ይላል። የእኔው መንገድ ዲዘር ይባላል። ከመቁረጤ በፊት በጣም ትንሽ፣ ሥርዓት የሌለው ሽሽታ፣ ያን የሬዲዮ 'ሽሽ' የሚል ድምፅ፣ እጨምርበታለሁ፤ ሽሽታው ቀጭኑን ድምፅ ደግፎ ያወጣዋል፣ ጫፉም እየሳሳ እየሳሳ በሰላም ይጠፋል።

"ሳይዘመዘም የተቆረጠ ጨርቅ ይተረተራል" አለችኝ። "ይህቺን ለመናገር ነው ይሄን ያህል ጊዜ የፈጀኸው?" ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

መኪናዋን ዘይት ሳታጠጣት አልቀረችም። ድሮ ጎረቤት ትቀሰቅስ የነበረችው አሁን ድምፅዋ የለም።

ረቡዕ 5

ስብሰባ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ሥራ አስኪያጁ፦ "ቆይ፣ ንጹሕ ድምፅ ላይ ሆን ብለህ ሽሽታ ትጨምራለህ?"

"አዎ።"

"እኔ አንተን የቀጠርኩህ እኮ ሽሽታ እንድታጠፋ ነው።"

የቀጠረኝ እሱ አይደለም። እሱ ካርቶን ሲቆጥር እኔ እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ።

መቀስ በዚያ አንገት ደፊነቱ ጣልቃ ገባ። "ጋሼ፣ በመርህ ደረጃ ልክ ነዎት። ግን የቀጥታ ቅጂ ነው፤ ሰው ይተነፍሳል፣ ወንበር ይንቋቋል፣ ጣሪያው ላይ ይሄ ሁሉ ዝናብ አለ። አዳራሹ ራሱ ይሽሻል። ያ አይበቃንም?"

የሚያናድደው ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ጮኽኩበት። አንጋፋዋ ዘፋኛችን እትዬ ሲዘፍኑ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ማራገቢያው ይጠፋል፤ ያኔ አዳራሹ ምን ሊያበድርህ ነው አልኩት።

ደግሞስ የምን ዝናብ? ክረምቱ ከገባ ጣሪያው ላይ አንድ ጠብታ አልሰማሁም። አምና የተቀየረው ቆርቆሮ ጥሩ ዕቃ ነው ማለት ነው። ይሄ መሥሪያ ቤት አንድ ነገር በትክክል ሠርቷል።

ቅዳሜ 8

የመጀመሪያው ዝግጅት። ናስ ነፊዎች። ያለ ዲዘር ተቀዳ፤ እንደታዘዘው ተቆረጠ። ናስ ስለሆነ አልተጎዳም። እጄ ግን የሰው ኪስ የገባ ያህል አፈረ።

ሰኞ 10

እትዬ መጡ። ስማቸውን የሚጠራ ሰው የለም፤ ከበረኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ "እትዬ" ናቸው። ሃያ ዓመት ቀድቻቸዋለሁ። ወንበር ስቤ ሳልጨርስ ተናገሩት።

"ጉሮሮዬን ሊከፍቱት ነው። ከዝግጅቱ ማለቂያ በኋላ፣ በሚመጣው ወር። ሐኪሙ 'መናገር ይናገራሉ' ብሎኛል። ስለ መዝፈን ስጠይቀው ጫማውን አየ።"

"አይዞዎት" አልኩ፤ እንደ ማንም ሰው።

"አይዞሽ የሚለኝ ሞልቷል። አንተ ቅዳኝ። የሚመጣው ወር አጋማሽ ቅዳሜ የመጨረሻዬ ነው። መዝጊያዋን አፌን ገጥሜ እጨርሳታለሁ፤ የቀረኝን ትንፋሽ ሁሉ እሷ ላይ ነው የማወጣው። እንድትቆርጧት አልፈልግም።"

በልጄ ይሁንብኝ ብዬ ማልኩላቸው። ትእዛዝ ምን ይላል፣ መጋዘን ምን ይላል፣ ግድ የለኝም። የዚህች ሴት ድምፅ ጫፉ ሳይንኮሻኮሽ ይቀመጣል።

ማክሰኞ 11

ልጃችን ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። መስመሩ እንደተለመደው የማይረባ ነበር፤ ለእናቷ ሰጠኋት። ለእናቷ ሲሆን መስመሩ ይስተካከላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተሳሳቁ።

ከዘጋች በኋላ ባለቤቴ "የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ልያዝልህ?" አለችኝ። የጆሮ ሐኪም! ዓሣ ዋና ይማር እንደማለት ነው። ከጆሮዬ ይልቅ የሥራ አስኪያጁ ዓይን ይመርመር አልኩ፤ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ አክሏል፣ ሰው አይታየውም።

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለች።

ዓርብ 14

ዲዘር እንዲፈቀድልኝ ለሥራ አስኪያጁ ሦስተኛ ማመልከቻ። የጻፍኩትን ራሴ ሳነበው አምሮኛል።

ጠዋት በመተላለፊያው ሳልፍ የጽዳት ሠራተኛዋና ትኬት ቆራጯ ሲያወሩ ደረስኩ። የያዝኩት "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" የምትለዋን ብቻ ነው፤ የቀረውን አላገኘሁትም፤ የዛሬ ሰው ደግሞ ሲያወራ ያጉረመርማል። ሲያዩኝ ዝም አሉ። ሥራ አስኪያጁን እያሙት ነው። ለካ ወገን አለኝ።

ማክሰኞ 18

የመጀመሪያ ልምምድ ከእትዬ ጋር። የመለኪያ መብራቶቹን እንደ ወትሮዬ በወረቀት ሸፍኛለሁ። ድምፅ በዓይን አይቀዳም፤ መብራት እያየ የሚቀዳ ሰው ትራፊክ ፖሊስ ይሁን። መቀስ ወረቀቱን አይቶ አንድ ነገር ሊል ፈለገና ዋጠው።

መዝጊያዋን ዘፈኑ። ሲጨርሱ በማይክሮፎን "እጹብ ነው እትዬ! ካለቀ በኋላ ዝምታው እንኳ ጥሩ ነው" አልኳቸው።

በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። ረጅም ጊዜ። ከዚያ መቀስን አዩት። ደክሟቸዋል፤ እንዲህ ያለ ጫና ባላበዛባቸው ይሻላል።

ዓርብ 21

ይሄን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻው ሰለቸው መሰለኝ ሠራተኛውን ሁሉ ስብሰባ ክፍል ጠራ። "እንግዲህ ይለይ" አለ። መቀስ ከዓመት በፊት የተቀዳ የእትዬን አንድ የዘፈን ማብቂያ በሁለት መንገድ አዘጋጅቶ ነበር፤ አንዱ ተቆርጦ፣ አንዱ በዲዘር። ስፒከሩ እስከ ጥግ ተከፈተ። አሥር ጊዜ ይሰማል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ በወረቀት ይጻፋል። ለፌዝ ያህል ሌላው ሰውም እንዲጽፍ ተፈቀደ።

ውጤት። እኔ፦ ከአሥር አራት። ሥራ አስኪያጁ፦ አምስት፤ እሱም ሳንቲም እንደሚወረውር ሰው ነው የጻፈው። የጽዳት ሠራተኛዋ፦ ዘጠኝ።

ዘጠኝ! መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ። "አስቸጋሪ አይደለም እኮ" አለች። "በአንደኛው ሴትየዋ እየራቁ ይሄዳሉ። በሌላኛው አሸዋ ይረገጥና በር ይዘጋል።"

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቶቹን አገላብጦ ዓይኑን አንስቶ አየኝ። "ልዩነቱ አለ ማለት ነው" አለ። "ልክ ነበርክ። የማትሰማው አንተ ነህ።"

ሰው ሳቀ። መቀስ አልሳቀም። ይሄኛው ይብስ አሳፈረኝ።

ማራገቢያው ሲዞር ነበር። ስፒከሩ ርካሽ ነው። ቁርስ አልበላሁም። ደግሞ በአሥር ጊዜ ምን ይታወቃል፤ መቶ ጊዜ ቢሆን ኖሮ።

ቅዳሜ 22

ማራገቢያው ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖታል አለኝ በረኛው።

ሰኞ 24

አዲስ ትእዛዝ። ለእትዬ መዝጊያ ብቻ ዲዘር ተፈቅዷል። "በጽዳት ክፍል ባለሙያ አስተያየት መሠረት" ይላል። መጋዘን ውስጥ ያደገ ቀልድ እንዲህ ነው የሚሸተው።

ያም ሆነ ይህ አሸንፌያለሁ። አሸንፌያለሁ፣ ታዲያ ለምንድን ነው ቤት ስገባ ለባለቤቴ ያልነገርኳት?

እሁድ 30

ባለቤቴ የጆሮ ሐኪሙን ቀጠሮ ሳትጠይቀኝ ይዛዋለች። ሐሙስ ነው። ሄዳለሁ አልኳት።

ሐሙስ 4

አልሄድኩም። ገመድ መቀየር ነበረብኝ። ገመዱ ባይቀየርም ይሠራ ነበር።

ሐኪሙ ምን ሊለኝ ነው? ከጆሮዬ ሌላ ምን ሙያ አለኝ? ሥራ አስኪያጁ የሐኪሙን ወረቀት ቢያገኝ እንደ ትርፍ ካርቶን ከደጅ ያስቀምጠኛል። ደግሞ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ለዘጠኝ ቀን የሚሆን ጆሮ አለኝ። ከዝግጅቱ በኋላ እሄዳለሁ፤ ይሄን ጽፌያለሁ፣ አለ።

ማክሰኞ 9

ሁለተኛ ልምምድ። ሳልጠራው መቀስ በማሽን ክፍሉ በኩል ሌላ ገመድ ሲዘረጋ ያዝኩት።

"ምንድን ነው?"

"መጠባበቂያ ነው ጋሼ። እንደው ለክፉ ቀን።"

"እኔ ካለሁ ክፉ ቀን የለም" አልኩት አፌን ሞልቼ። ይሰልለኛል። ስሳሳት ሊይዘኝ ነው የሚፈልገው፤ ወንበሬ ላይ ዓይኑን ከጣለ ከርሟል። ገመዱን ባስነሳው ደስ ባለኝ፤ ግን እትዬ ከመድረክ "ተወው፣ ምን አስቸገረህ?" አሉኝ። ለእሳቸው ስል ተውኩት።

ዓርብ 12

ዲዘር ተከፍቷል። ሦስት ጊዜ አየሁት። ማይክሮፎኖቹ ደህና ናቸው። ሄድፎኑ አዲስ ነው። ወረቀቱ መለኪያው ላይ ነው። ባለቤቴ "መብራቱን እንኳ ብታየው ምን አለበት?" አለች። በሃያ ሰባት ዓመት አላየሁም፤ ነገ አልጀምርም።

ቅዳሜ 13

ተፈጸመ።

ከሁሉ በፊት ለራሴ ልናገር፦ ከእጄ እንደዚህ ያለ ቅጂ ወጥቶ አያውቅም። እትዬ ግራጫ ለብሰው ቆመው ዘፈኑ፣ በመጨረሻ አፋቸውን ገጠሙ፣ ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። እንባዬ መጣ። ልክ እንዳለቀ አቆምኩት፤ ሳል ሳይገባበት፣ ወንበር ሳይንቋቋበት። ንጹሕ።

የገረመኝ ሕዝቡ ነው። ካለቀ በኋላ ተገትሮ ቀረ። እትዬም አልተንቀሳቀሱም። ጭብጨባው የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ፈዛዛ አዳራሽ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ 15

መቀስ ጠዋት በሩን አንኳኳ። አንኳኩቶ ነበር አለኝ፤ እኔ ያየሁት ከአጠገቤ ቆሞ ነው።

"ጋሼ፣ የእርስዎን ፋይል ከፈትኩት። ያልቃል። እትዬ ግን ገና አልጨረሱም።"

አላመንኩትም። የእሱን ቅጂ በኮምፒውተሩ ላይ ከእኔው በታች አስቀመጠው። የድምፁ ምስል መስመር ሆኖ ይታያል። የእኔው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የእሱ ይቀጥላል፤ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ግን ይቀጥላል። ጣቱን በክሩ ላይ እያስኬደ እስከ ጭብጨባው ድረስ ወሰደኝ። በዓይኔ አየሁት። አጫወተልኝ። አጉላው አልኩት፣ አጎላው። በመስታወቱ በኩል የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች፤ ትሰማለች። እኔ ምንም።

"የእኔው ያለ ዲዘር ነው፤ የቆየው መቅጃ ስለሆነ እየቆረጠ ነው የሚያስቀምጠው" አለ። "ይንኮሻኮሻል። ግን እስከ መጨረሻው አለ።"

ውጣ አልኩት። "እሺ ጋሼ" ብሎ ፋይሉን ትቶልኝ ወጣ።

ይሄን ያህል ዘመን "አትቁረጡ" ስል ኖሬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያውም በንጽሕና።

ማክሰኞ 16

ዛሬ ያደረግኩትን መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት ነገ አላደረግኩም እላለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ዘፈን ቀድቻቸው ነበር። የዚያን ማብቂያ ወስጄ የቅዳሜው ላይ ቀጠልኩት። ልክ ገጠመ። በዲዘር፣ ያለ እንከን። መቀስ ቢናገርም ማን ይሰማዋል፣ እኔ ነኝ አቶ ሽሽ። ቤት ወስጄ ባለቤቴን "እስቲ ስሚ፣ ያምራል?" አልኳት። ለምን እንዳሰማኋት አላውቅም። አውቃለሁ። የሚሰማልኝ ሰው ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ሄድፎኑን አድርጋ ሰማች። ፊቷ ለሰለሰ፣ ከዚያ ተኮሳተረ።

"መጨረሻ ላይ ያለችው ሴት አልታመመችም" አለችኝ።

አጠፋሁት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከጽዳት ሠራተኛዋ ዘጠኝ ጀምሬ። ስጨርስ ስለ ስፌት መኪናዋም ጠየቅኳት። ዘይት ካየች ዓመት አልፏታል፤ እንደ ድሮዋ ነው የምትጮኸው አለች።

ረቡዕ 17

ነገ ጠዋት ነው ቀዶ ጥገናቸው። ሆስፒታል ገብተዋል። ሁለት ቅጂ ይዤ ሄድኩ፤ የእኔውን እስከ ቆምኩበት፣ ከዚያ የመቀስን። ገጥሜያቸዋለሁ። መጋጠሚያው የት እንደሆነ ያሳየችኝ ባለቤቴ ናት።

እትዬ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ሄድፎኑን አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጋጠሚያው ጋ ሲደርሱ ዓይናቸውን ገለጡ።

"እዚህ ጋ ሻከረ" አሉ።

"ከዚህ በኋላ ያለው የመቀስ ነው። የእኔው አልቋል። እትዬ፣ አልሰማሁዎትም። ያለቀ መስሎኝ ዘጋሁት።"

"አውቃለሁ" አሉ። "የመጀመሪያው ልምምድ ላይ እየዘፈንኩ ነው 'እጹብ ነው' ያልከኝ። የዚያኑ ቀን ነው ሌላ መቅጃ እንዲያስቀምጥልኝ መቀስን የለመንኩት። ለማንም አልተናገረም፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ስም አበላሽተህበታል እንጂ።"

"ለምን አላስነሱኝም ከወንበሩ?"

"አንተን ላጣህ አልፈለግኩም። ድምፄንም ላጣው አልፈለግኩም። ታዲያ ምን ላድርግ?" ሳቁ፤ ሳቃቸው አሁን ሻካራ ነው። "ደግሞ ስንት ዓመት የሰማኸኝ ሰው ነህ፣ አንዴ ብታመልጥህ አልቀየምህም። ሐኪም ዘንድ ባትሄድ ግን እቀየምሃለሁ።"

ሄድፎኑን አውልቀው አንዱን ጆሮ ለራሳቸው ያዙ፣ ሌላውን ወደ እኔ ዘረጉ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። አፋቸውን የገጠሙበት ቦታ ድረስ ሰማሁ። ያኔ እትዬ እጃቸውን አነሱ። ድምፁ እስካለ እንደማያወርዱት ገባኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ፤ ለእኔ ወዲያው እንደ ቅዳሜው ሁሉ ጠፋ። እጃቸው ቆየ። ነርሷ ገባች፣ አይታን ቆመች። እጃቸው አሁንም አልወረደም። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱት።

ሃያ ሦስት ሰከንድ ነው። እኔ አራተኛው ላይ ነው የዘጋሁት።